ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ

የእህቴ ልጅ ያገለገለች ቪትዝ ገዝታ፣ ነሐሴ ሳይወጣ ደሴ ልትሄድ ስትሰናዳ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ማርሹ ላይ ከታች ያለችው ‹ኤል› ምን ትሠራለች? ነክቻት አላውቅም።» ስለ ዝናብ መጥረጊያና ስለ ተላጠ ጎማ ማንም ሊነግራት ይችላል፤ እኔ ስለ ‹ኤል› ብቻ ከምሳ እስከ ቡና አወራሁ። ቡናው ሦስተኛ ላይ ሳይደርስ ታክሲ የሚነዳው ጎረቤታችን ገባና ጨዋታውን አበላሸው። «ቁልቁለት ላይማ ዜሮ ማርሽ ነው! መኪናው በነፃ ይሄድልሻል። ቤንዚን በዚህ ዋጋ እየተሸጠ?» አላት።

ይህን አባባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። በካርቡራቶር ዘመን ቢያንስ ግማሽ እውነት ነበረው፤ አሁን ግን በገዛ ሒሳቡም አያዋጣም። ኢንጀክሽን መኪና ማርሽ ውስጥ እንዳለ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ስታነሣ ሞተሩን የሚያሽከረክሩት በቁልቁለቱ የሚንከባለሉት ጎማዎች ናቸው። ኮምፒውተሩ ይህን ያያል፣ ሞተሩ እስኪያዘግም ድረስም ቤንዚኑን ይዘጋዋል። ዜሮ ስታደርገው ሞተሩ የሚያዞረው ያጣል፤ እንዳይጠፋ ሲል ራሱ መጠጣት ይጀምራል። ስለዚህ በነፃ የሚወርደው ማርሽ ያስገባው ነው። ይባስ ብሎ ሞተሩን አጥፍቶ የሚወርድም አለ። እሱ ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጠ በኋላ አጋዡ ያልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንበታል፣ መሪውም ይከብደዋል። እሱን ምን እንደምለው አላውቅም።

ጎረቤቴ ግን በቀላሉ እጅ አይሰጥም። «የፍሬን ሸራ ከሞተር ይረክሳል፤ ለምን ሞተሩን አሠቃያለሁ?» አለኝ። ይህኛው የሰው ክርክር ነው፣ መልስም ይገባዋል። ሞተር በልኩ እስከዞረ ድረስ ቁልቁለት መያዝ አያሠቃየውም፤ ዘይቱ ይዞራል፣ የሚቃጠል ነዳጅም የለም። ሥቃዩ ያለው ጎማው ጋ ነው። አንድ ቶን የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት ወደ 30 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። በደሴ መንገድ ላይ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ከፍታህ ከዚያ ከግማሽ በታች ነው። ያ ሁሉ ሙቀት የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። ሞተሩ ካልተካፈለው፣ ነፋስ ከሚወስደው በቀር፣ አራት ጎማ ሥር ባለ ትንሽ ብረትና ሸራ ላይ ያርፋል።

በክረምት ደግሞ የፍሬን ዘይት ጣጣ አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ከፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ሲጫኑት ይጨመቃል፣ እግርህም ወለል ድረስ ይሰምጣል። የሞተር ዘይቱን በየጊዜው የሚቀይር ሰው የፍሬን ዘይቱን መኪናውን ከገዛ ጀምሮ ሳይነካው ሲኖር አያለሁ። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ዋጋው የሚያስለቅስ አይደለም።

ለልጅቱ ያልኳት ይህን ነው። ማርሹን አፋፉ ላይ ምረጪ፣ ኩርባው ውስጥ ሆነሽ አይደለም። በፍሬን ፍጥነትሽን ቀንሺና ‹ሁለት› አስገቢ፤ ቁልቁለቱ በጣም ሲበረታ ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ፣ ወደ ‹ኤል›፣ ውረጂ። በፍጥነት ላይ ሳለሽ ‹ኤል›ን ከወረወርሽ በረጠበ አስፋልት ወይም በጭቃ ላይ የሚነዱት ጎማዎች ተይዘው ይንሸራተታሉ። አንዳንድ አዳዲስ መኪና ላይ በ‹ኤል› ፈንታ ‹ቢ› ተጽፎ ታገኛለሽ፤ ሥራው ያው ነው። ፍሬን ስትረግጪም ረገጥ አድርገሽ ልቀቂ፤ ተደግፈሽ አትውረጂ። በጉም ውስጥ ከፊትሽ ናዳ ቢጠብቅሽ ያልጋለ ፍሬን የሚያስፈልግሽ ያኔ ነው።

እኔ ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩም። በደሴ መስመር ላይ ኤንትሬ በሚባለው የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ነው የጀመርኩት፤ ሥራዬ ታኮ ይዞ መዝለል ነበር። ሾፌሬ ሽማግሌ ነበሩ። ጣርማ በር ከዋሻው በፊት ያቆሙና ጎማውን፣ ጭነቱን፣ የነፋሱን በርሜል ዞር ዞር ብለው ያያሉ። ከዚያ የቀኝ እግራቸውን ጫማ አውልቀው ከወንበሩ ሥር ይወሽቁታል። ፔዳሉን በጫማ ውስጥ አልሰማውም ይሉ ነበር። እኔን ዓይኔን ያስጨፍኑኝና «ስንተኛ ማርሽ ነው?» ይሉኛል። ከተሳሳትኩ የሚቀጥለው ከተማ ሻይ በእኔ ሒሳብ ነው፤ ደመወዜ ምን ያህል እንደነበረች እያወቁ! ደብረ ሲና ስንደርስ ወርደው ጎማው ጋ አፍንጫቸውን ያስጠጋሉ። የሸራ ሽታ ከሌለ ፈገግ ይላሉ። ካለ እስከ ሸዋ ሮቢት ቃል አይወጣቸውም።

በብዙ መስመር ሾፌር ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ዓባይ በረሃን፣ ሊማሊሞን አውቃቸዋለሁ። ሰው ስለ ዳገቱ ይጠይቀኛል። ዳገት የሞተር ሥራ ነው፤ ሞተር ከሌለህ አትወጣም፣ አለቀ። የሾፌር ችሎታ የሚታየው ሲወርድ ነው። እኔም ከቁልቁለት ዝግታን ለምጄ ቀረሁ፤ ባለቤቴ ምግብ ስበላም፣ ስቆጣም፣ ስታረቅም ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነህ ትለኛለች። ዛሬ መኪና የለኝም፤ ዓይኔ ደከመ። ጆሮዬ ግን አልደከመም። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሞተሩ ድንገት ጸጥ ሲል ሾፌሩ ዜሮ እንዳደረገ አውቃለሁ። «ልጄ፣ ማርሽ አስገባ» እላለሁ። አንዳንዱ ያስገባል። አንዳንዱ «አባባ፣ አርፈው ይቀመጡ» ይለኛል። ያኔ «ወራጅ አለ!» እላለሁ፤ ቢዘንብም ቀሪውን በእግሬ ነው።