የነርሶች የሙያ ማሻሻያ ትምህርት በኢንተርኔት፦ ሂሳዊ ግምገማ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጎፋ በተባለው ሰፈር የምትኖር አንዲት ነርስ ለአብነት ትወሰድ። የሌሊት ተራዋን ፈጽማ ወደ ጎፋ በሚወስዳት ታክሲ ውስጥ ሳለች በእጅ ስልኳ የኢንተርኔት ትምህርት ትከፍታለች። ገጾቹን ታልፋለች፤ የምርጫ ጥያቄዎቹን ትመልሳለች፤ ብትወድቅ ደግማ ትሞክራለች፤ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ይሰጣታል። የሙያ ፈቃድ እድሳት ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ወረቀቱ ለእርሷ የእንጀራ ጉዳይ ነው። መመርመር የሚገባው ግን ይኸው ወረቀት ለበሽተኛው ምን ያስገኝለታል የሚለው ጥያቄ ነው።

የኢንተርኔት ትምህርት ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። ነርሶች ለሥልጠና ከሥራ ቦታቸው በተነሡ ቁጥር የበሽተኛ ክፍሉ ሸክም በቀሩት ላይ ይወድቃል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ፣ በአምሬፍ አማካይነት፣ በዝቅተኛ ደረጃ የሠለጠኑ ነርሶቿን ወደ ዲፕሎማ ለማሳደግ የኮምፒዩተር ትምህርትን የመረጠችው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ነርሶችን ከሥራ ገበታቸው ሳታነሣ ለማስተማር ስትል ነው።

በአገራችን የቅርብ አብነት የሚሆነው፣ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርስቲና ከሌሎች አጋሮች ጋር ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ላይ የዋለው፣ ሂት በመባል የሚታወቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማሻሻያ ትምህርት ነው። 13 ሞጁሎቹ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ሆነው ቢቀመጡም፣ ለተማሪዎቹ የታሰቡት በመጽሐፍ መልክ ታትመው እንዲደርሱ ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ ተማሪዋ ራሷን የምትፈትንባቸው ጥያቄዎች ይገኛሉ፤ ምሳሌዎቹም የአገሬውን ኑሮ የተከተሉ ናቸው፤ ከንባቡ ጎን ለጎንም የተግባር ልምምድ ታቅዶለታል። ጉድለቱ ቋንቋው ነው፤ እናቲቱን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የምትመክር ሠራተኛ የምታነበው በእንግሊዝኛ ነውና። ይህም ሆኖ አዘጋጆቹ አንድ መሠረታዊ ነገር ተገንዝበዋል፤ ይኸውም ንባብ ብቻውን እጅን እንደማያሠለጥን ነው።

በስልክ የሚሰጡ አጫጭር ትምህርቶች የሚወቀሱት እዚህ ላይ ነው። ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ውስጥ እስትንፋስ ሊሰጠው እንደሚገባ ነርሷ በምርጫ ጥያቄ ላይ በትክክል ልትመልስ ትችላለች። አምቡ ባግ የሚባለውን መሣሪያ በሕፃኑ ፊት ላይ አየር ሳያስወጣ መግጠምን፣ ደረቱ ከፍ ማለቱንም እየተመለከቱ መጭመቅን ግን የምርጫ ጥያቄ አይፈትንም። ስለዚህ የምስክር ወረቀቱ የሚመሰክረው ለተነበበው እንጂ ለተሠራው አይደለም።

መምህራን ይህን ችግር ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ማዕቀፍ ለመምህሩ በዓመት 60 ሰዓት መደበ። ሰዓቱ በማኅደር ላይ በጥንቃቄ ሲሞላ፣ ክፍል ውስጥ ያለው አሠራር ግን እንደነበረ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የሚቆጠረው ሰዓት ከሆነ የሚገኘውም ሰዓት ነው።

በመሆኑም መርሐ ትምህርት አዘጋጆች በመጀመሪያ በንባብ የሚገኘውን እውቀት በእጅ ከሚገኘው ችሎታ ሊለዩ ይገባል። የፊተኛው በስልክ፣ ያለኢንተርኔትም ሊነበብ በሚችል መልክና በሥራ ቋንቋ ይቅረብ፤ የኋለኛው በጤና ጣቢያው ውስጥ፣ በአሻንጉሊት ሕፃን ላይ፣ ልምድ ያላት ባልደረባ እያየች ይፈተን፤ ነጥቡም የሚያዘው ሁለቱ ሲሟሉ ብቻ ይሁን። ለዚህም ከሥራ ሰዓት ላይ ጊዜ መመደብ ግዴታ ነው። ከሌሊት ተራ በኋላ፣ በድካም፣ በራሷ ካርድ የምትማርን ነርስ ቸልተኛ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ጥፋቱ ያለው ትምህርቱ ጊዜ እንደማይወስድ አድርጎ ባቀደው ዘንድ ነው።