መምህሩን ማን ጠየቃቸው?



ባለፈው የትምህርት ዘመን መገባደጃ ላይ ቦዲቲ ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ተጠርቼ ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም ማንሳት አያስፈልግም፤ እዚያ የተባለው ነገር በየትኛውም ትምህርት ቤት ሊባል የሚችል ነውና። ርእሰ መምህሩ የተማሪዎችን ውጤት አነበቡ። ውጤቱ የሚያስደስት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ወላጅ ሁሉ በየተራ እየተነሳ መምህራኑን መውቀስ ጀመረ። አንዷ እናት ልጃቸው ስድስተኛ ክፍል ደርሶ አጥርቶ ማንበብ እንደማይችል ተናገሩ። አንድ አባት «መምህሩ ከሞባይሉ ቀና አይልም» አሉ። እኔም ከሰው ላለማነስ እጄን አውጥቼ፣ የድሮ መምህራን እንዴት እንደነበሩ አንድ ሁለት ነገር ተናግሬ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ አንድ ጎልማሳ የሒሳብ መምህር ፈቃድ ጠይቀው ተነሱ። «አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እኔ ይህን ሥራ ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መጽሐፍ ሲቀየር፣ የፈተናው ዓይነት ሲቀየር፣ የማስተማሪያ ዘዴ ሲቀየር፣ ‹አንተስ ክፍል ውስጥ ምን ታያለህ?› ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ውጤት ሲወድቅ ግን ሁሉም የሚጠይቀው እኔን ነው» ብለው ተቀመጡ። ማንም አልመለሰላቸውም። ስብሰባው ወደ ውሃ ቧንቧው ጉዳይ አለፈ።

ይህች ጽሑፍ ያን ጊዜ ሳይመለስ የቀረውን ነገር ለመመለስ የተሞከረባት ናት። ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ይባላል፤ ብዙም ይጻፋል። በእኔ እይታ ግን የችግራችን አንዱ ሥር፣ መምህሩ ከመጀመሪያው የማይጠየቅ፣ በመጨረሻው ግን ብቻውን የሚጠየቅ መሆኑ ነው። ለዚህ ሩቅ አገር ሄደን ምሳሌ መፈለግ አይጠበቅብንም፤ ወላይታ የራሷ፣ ያውም በደም የተጻፈ፣ ምሳሌ አላት።

ዕድሜው የደረሰ የአካባቢያችን ሰው ሁሉ «ወጋጎዳ» የሚለውን ቃል አይረሳውም። ለወጣት አንባቢያን ግን ማስረዳት ይገባል። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። በወላይታም ወላይትኛ የትምህርት ቋንቋ ሆነ። በዚያን ጊዜ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ መቀመጫው አርባ ምንጭ በሆነው በሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ አንድ ላይ ነበሩ። የዞኑና የክልሉ ባለሥልጣናት የአራቱን ሕዝቦች ቋንቋዎች አዋሕደው አንድ የመማሪያ ቋንቋ ለመሥራት ተነሱ። ስሙን እንኳ ከአራቱ ስሞች መነሻ ቀለሞች ገጣጠሙት፦ ወ፣ ጋ፣ ጎ፣ ዳ። መጻሕፍት ታተሙና ወደ ትምህርት ቤቶች ተላኩ።

ለሐቅ እንናገርና ሐሳቡ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አልነበረም። አራቱ ቋንቋዎች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ተናጋሪዎቻቸውም በብዙው ይግባባሉ። ለአራት ቋንቋ አራት ዓይነት መጽሐፍ ከማሳተም አንድ ማሳተም ወጪ ይቀንሳል የሚለው ክርክርም በወረቀት ላይ ሲታይ ያሳምናል። ነገር ግን ገበያ ውስጥ መግባባት አንድ ነገር ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ በማንም አፍ ላይ ሰምቶት በማያውቅ ድብልቅ ማንበብ እንዲለምድ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። የዚህን ልዩነት ክብደት ከሁሉ በፊት የሚያውቀው ማን ነው? መጽሐፉን ከፍቶ ከሕፃናቱ ፊት የሚቆመው መምህር ነው። ልጁ የት ላይ እንደሚደናቀፍ፣ የትኛው ቃል ላይ ክፍሉ ሁሉ እንደሚስቅ፣ የትኛው ላይ ዝም እንደሚል ከእርሱ በቀር በቅርብ የሚያይ የለም።

መምህራኑ አዩ፤ ተናገሩም። በመጽሐፉ አናስተምርም አሉ። የተሰጣቸው መልስ ውይይት አልነበረም፤ ከሥራ ቦታቸው ወደ ሌላ ስፍራ የተዛወሩ፣ የታሰሩም ነበሩ። ነገሩ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ አደባባይ ደረሰ። በኅዳር 1992 ዓ.ም. ሶዶ ከተማ ላይ ተማሪው፣ መምህሩና ነዋሪው ተቃውሞ ወጣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎች ታሰሩ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ወላይትኛ ወደ ቦታው ተመለሰ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ይህ ታሪክ ሲነሳ ዘወትር የሚወሳው የማንነት ጥያቄ ሆኖ ነው። ልክ ነው፤ ነበርም። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላው ገጽታው ነው። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ከቦዲቲ፣ ከአረካና ከሶዶ ጥቂት የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህራን ተጠርተው «ይህን ገጽ ለልጆቹ አንብቡላቸውና የሆነውን ንገሩን» ተብለው ቢሆን ኖሮ፣ በአንድ ሳምንት ይታወቅ የነበረውን ነገር ለማወቅ የሰው ሕይወት ባላስፈለገም ነበር።

ደግሞም መምህሩ የተሸከመው የፊደል ሸክም ከወጋጎዳ በፊትም ቀላል አልነበረም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወላይትኛ ከተመረጡት አሥራ አምስት ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። በኋላ ወደ ላቲን ተዛወረ። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አያት ወላይትኛን በግዕዝ ፊደል ቆጥረው፣ የልጅ ልጅ በላቲን ያነባል። የእኛ የሙስሊሞቹ ልጆች ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ልጁ ወላይትኛን በላቲን ይማራል፤ እንግሊዝኛንም በዚያው በላቲን፤ አማርኛን በግዕዝ ፊደል፤ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወይም ቅዳሜና እሑድ መድረሳ ገብቶ ቃዒዳ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ ነው። በዚህ ላይ «ኤክስ» የምንለው የላቲን ፊደል በወላይትኛ «ጥ» ሆኖ ሲነበብ በእንግሊዝኛ «ክስ» ይሆናል። ሕፃኑ በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ልክ የነበረውን ቀጥሎ ባለው ክፍለ ጊዜ ይሳሳታል። ይህን ችግር የሚፈታለት የክፍሉ መምህር እንጂ ሌላ ማንም አይደለም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ «ልጄ ማንበብ አይችልም» ብለን ከተነሳነው ወላጆች መካከል መምህሩን ቀርቦ «ልጄ ሦስት ዓይነት ፊደል ነው የሚማረው፤ የቱ ላይ ነው የሚቸገረው?» ብሎ የጠየቀ ማን ነበር? እኔ አልጠየቅሁም።

ወጋጎዳ አለፈ እንጂ ልማዱ አላለፈም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» መጣ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። መምህሩ መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት በቀረው ጊዜ ከተማሪው ጋር ቆሞ የሚያይ ሆነ። ተማሪ ባይገባው የሚያስቆመው አልነበረም፤ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል። በቅርቡ ደግሞ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ ሳይደርስ ማስተማሩ ቀደመ፤ መምህሩም ከሞባይሉ ላይ እያነበበ እንዲያስተምር ሆነ። ያ አባት «ከሞባይሉ ቀና አይልም» ያሉት ምናልባት ይህንኑ አይተው ይሆን? አላጣራሁም፤ ግን ያን ቀን ማናችንም ለማጣራት አልሞከርንም።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጉዳይ ሁሉም ያውቀዋል። ኩረጃን ለመግታት ሲባል ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ቁጥሩ በተነገረ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወደ መምህሩ ነው። ነገር ግን በ2014 የተፈተነው ልጅ አንደኛ ክፍል የገባው ከአሥራ አንድና ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። በመካከሉ በ2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተውበታል። ለዓመታት ኩረጃውን እያየን «ልጄ አለፈ» ብለን ድግስ የደገስነውስ እነማን ነን?

በ2016 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በተቋቋመ በመጀመሪያው ዓመት፣ በወላይታ ዞን የመምህራን ደመወዝ በወቅቱ ሳይከፈል ቀርቶ ሥራ የቆመባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በምክንያትነት ከተጠቀሱት አንዱ ለአርሶ አደሩ በብድር ከቀረበው የአፈር ማዳበሪያ ጋር የተያያዘ ዕዳ ነበር። እስቲ አስቡት! የማዳበሪያ ብድሩን ሲወሰድ መምህሩ አልተጠየቀም፤ ዕዳው ሲመጣ ግን ደመወዙ ላይ አረፈ። የሠራተኛን ዋጋ ማዘግየት በዲናችን ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ለአንባቢ ማስተማር አያሻም። በዚያ ወቅት ግን ከብዙ ወላጅ አፍ የሰማሁት «መምህራኑ ልጆቻችንን ትተው አደሙ» የሚል ነበር እንጂ፣ የቤት ኪራይና የእህል ዋጋ በምን ይችሉታል የሚል አልነበረም።

መምህር ሁሉ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ክፍለ ጊዜውን በወሬ የሚያሳልፍ አለ። በክፍል ውስጥ ሸርፎ ያስቀረውን ማታ በክፍያ የሚያስጠና አለ፤ ይህ አማና ማጉደል ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የማይችል መምህርም አለ፤ ሳይችል የተመረቀ። ነገር ግን ሰነፉን ከትጉው ለመለየት እንኳ መቅረብና መጠየቅ ያስፈልጋል። በስብሰባ ላይ በጅምላ የተሰነዘረ ወቀሳ ትጉውን ያቆስላል፤ ሰነፉ ግን እንደ ለመደው ያሳልፈዋል።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ የሒሳብ መምህሩን በር ላይ ጠብቄ አገኘኋቸው። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣው ግን «ክፍልዎ ውስጥ ስንት ልጅ አለ?» የሚል ጥያቄ ነበር። «ሰባ ስምንት» አሉኝ። ከዚያ ቆመን ሃያ ደቂቃ ያህል አወሩኝ። ልጆቹ ክፍልፋይ ላይ እንደሚቸገሩ፣ የሚቸገሩትም ሒሳቡ ከብዷቸው ሳይሆን የጥያቄውን ቋንቋ ባለመረዳት እንደሆነ፣ በራሳቸው ገንዘብ ካርቶን ገዝተው ሥዕል እየሠሩ እንደሚያሳዩ ነገሩኝ። የእኔን ልጅ በስሙ ያውቁታል፤ ከመስኮቱ አጠገብ እንደሚቀመጥና ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ለማየት ዓይኑን እንደሚያጨናብስ ነገሩኝ። እቤት ውስጥ ማናችንም ልብ ብለነው አናውቅም ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ መንገዴ በመድረሳው በኩል ነበር። ኡስታዙ በር ላይ ቆመው ሰላምታ ሰጡኝ፤ ስለ ልጁ ቂርኣት ነገሩኝና ዝም አሉ። የሁለት ወር ክፍያቸውን እንዳልሰጠሁ ያስታወስኩት ጥቂት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው። እሳቸውም አልጠየቁኝ ነበር።