ሴሉን ከነጎረቤቱ ማጥናት

በኛ በኩላሊት አጥኚዎች ሙያ እጅ የሚፈታው በወንፊት ነው። የኩላሊቱ ውጫዊ ክፍል ይከተፍና፣ ቀዳዳቸው እየጠበበ በሚሄድ የብረት ወንፊቶች ላይ በቀስታ እየተገፋ ይታጠባል። መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ድቡልቡል ነገሮች ግሎሜሩለስ የሚባሉት ማጣሪያዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የቀጫጭን ደም ስሮች ጥቅል ነው። በአንድ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ 1 ሚሊዮን ያህል ይገኛሉ፤ የሁለቱም ኩላሊቶች ተደምረው በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ።

እኔ የማጠናው የእነዚህን ደም ስሮች ውስጠኛ ግድግዳ የሚያለብሱትን ኢንዶቴሊያል ሴሎች ነው። ሴሉ እጅግ ስስ ሆኖ፣ ከ60 እስከ 80 ናኖሜትር በሚሰፉ ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነው። አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን 7 ናኖሜትር ገደማ በመሆኑ በእነዚህ ቀዳዳዎች ለማለፍ አይቸገርም ነበር። ከሚያግዱት ነገሮች አንዱ ሴሉ ከላይ የደረበው፣ ከስኳርና ከፕሮቲን የተሠራው ግላይኮካሊክስ ነው። ይህ ሽፋን በተለመደው የናሙና አዘገጃጀት አብዛኛው ይጠፋል። ስለዚህ ቀዳዳው በማይክሮስኮፕ ባዶ ሆኖ ሲታየኝ፣ ናሙናው እንዴት እንደተዘጋጀ ሳላጣራ ባዶ ነው አልልም።

ትልቁ ፈተና ሴሉ ከቦታው ሲነሳ ይመጣል። በፕላስቲክ ሳህን ላይ ይባዛል፤ ቀዳዳዎቹ ግን ይጠፋሉ። በአካል ውስጥ ጎረቤቱ የሆነው ፖዶሳይት የተባለ ሴል ቪኢጂኤፍ የሚባል ፕሮቲን ያለማቋረጥ ይልክለታል፤ ደምም በላዩ ይፈስበታል። በ2006 በእንግሊዝ ብሪስቶል የወጣ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ በ33 ዲግሪ እንዲባዙ፣ በ37 ዲግሪ እንዲበስሉ የተዘጋጁ የሰው ሴሎች ቪኢጂኤፍ ሲጨመርላቸው ቀዳዳ አወጡ።

የዚህን ዝምድና ዋጋ በእርግዝና የሚከሰተው የፕሪኢክላምፕሲያ ሕመም ያሳየናል። እንግዴ ልጁ ከልክ በላይ የሚያመነጨው ኤስ-ኤፍኤልቲ-1 የተባለ ፕሮቲን ቪኢጂኤፍን ይዞ ያስቀረዋል፤ ሴሎቹ ያብጣሉ፣ ቀዳዳቸው ይጠብባል፣ አልቡሚንም ወደ ሽንት ያልፋል። ነፍሰ ጡር እናት በቅድመ ወሊድ ክትትል ሽንቷ ለፕሮቲን ሲመረመር የሚፈለገው አንዱ ምልክት ይኸው ነው።

ለዚህ ነው ከሳህን የተገኘ ውጤት ሲቀርብልኝ ከቁጥሩ በፊት የሴሉን አኗኗር የምጠይቀው፦ ፈሳሽ ይፈስበት ነበር? ፖዶሳይት አጠገቡ ነበር? ሽፋኑስ ተርፏል? እነዚህ ካልተመለሱ ውጤቱ ስለ ሳህኑ ይነግረኛል እንጂ ስለ ታማሚው ኩላሊት አይመሰክርልኝም።