በረዶ ስንት ስም አለው?

አማርኛችን በረዶን ሲጠራ ቆጣቢ ነው። ቆርቆሮ እያንኳኳ የሚወርደውም በረዶ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ፣ ውጭ አገር ያለው ዘመዳችን በስልክ “ጉልበቴ ድረስ መጣ” የሚለውም በረዶ። ውርጭና አመዳይን ብንጨምርበት እንኳ ያው ጥቂት ነው። አይፈረድብንም፣ ኑሯችን እዚያ አይደለም።

በስካንዲኔቪያ ሰሜን ጫፍ ያሉት ሳሚዎች ግን ኑሯቸው እዚያው ነው። ሬንዲር የሚባለውን የበረዶ አገር አጋዘን ያረባሉ። ከሥር እንደ ስኳር የተፈረፈረውን፣ መንጋው በቀላሉ ጭሮ ግጦሽ የሚያገኝበትን በረዶ “ሴአንጋሽ” ይሉታል። ዝናብ ዘንቦ ግጦሹ ላይ የረጋውን፣ ከብት የሚያስርበውን ግግር ደግሞ “ቹኦኪ”። ይሄ የቃላት ጌጥ አይደለም። መንጋው ይከርማል ወይስ ያልቃል የሚለው ጥያቄ ያለው እዚህ ሁለት ቃላት ላይ ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ አንድ ጥልፍ ላወራችሁ ፈልጌ ነው። ሠሪዋ ብሪታ ማራካት-ላባ ይባላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 በስዊድን በኩል የተወለዱ ሳሚ ናቸው። “ሂስቶርያ” የተባለውን ሥራ ከ2003 እስከ 2007 በመርፌ ጠለፉት። ቁመቱ 39 ሳንቲ ሜትር ብቻ፣ ርዝመቱ ግን 24 ሜትር ገደማ ነው። መኖሪያው ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ2017 ጀርመን፣ ካሰል ላይ ለዓለም ታይቷል። እኔ ያየሁት በፎቶግራፍ፣ ቁራጭ በቁራጭ ነው። እንዲያም ሆኖ ያዘኝ።

የያዘኝ ያልተጠለፈው ክፍል ነው። ጨርቁ በብዛት ባዶ ነው፤ ነጩ በፍታ ራሱ በረዶው ነው። ሰዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ከእንስሳቱ አይበልጡም። በምድጃው ሥር ትኖራለች የምትባለው ሳራህካና እህቶቿም የተለየ ሰማይ አልተሰጣቸውም፤ ከሰውና ከመንጋ ጋር አንድ ጨርቅ ላይ ናቸው። ስለ ተፈጥሮና መንፈስ ረጅም ስብከት ከመስማት ይህን ማየት ይሻላል።

ደግሞ የዋህ ሥራ አይደለም። የ1852ቱ የካውቶኬይኖ አመፅ እዚያ አለ። ሁለቱ መሪዎች በ1854 አንገታቸው ተቀልቶ ራስ ቅላቸው ለ“ምርምር” ተወሰደ፤ የተቀበረው በ1997 ነው። ሴትዮዋ ቀደም ብለው በ1981 በሠሩት “ጋርያት” ላይ ደግሞ ቁራዎች ከሰማይ ወርደው ፖሊሶች ይሆናሉ፤ የአልታን ወንዝ ግድብ የተቃወሙትን ሰዎች ለመበተን የመጡ ፖሊሶች። “ጋርያት” እንደ ተረትና ምሳሌ አጭርና ስለታም ነው። “ሂስቶርያ” ግን ንጉሥ የሌለበት ዜና መዋዕል ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ባውቀው ኖሮ ከዜና መዋዕሎቻችን ጎን አስቀምጬ ባስነበብኩት ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሥራ ሲወደስ “ጥልፉ የሚጠፋ ቋንቋን አዳነ” ማለት ይቀናናል። እኔ አልስማማም። በሕይወት ያሉት ዘጠኙ የሳሚ ቋንቋዎች ዛሬም ሁሉም አስጊ ሁኔታ ላይ ናቸው፤ በአንዳንዶቹ የሚናገሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለትውልዶች ልጆቹን በቋንቋቸው እንዳይማሩ ያደረገው ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤት ያጠፋውን መርፌ ብቻውን አይመልሰውም። ጥልፉ በረዶውን ያሳየናል፤ “ሴአንጋሽ” ነው ወይስ “ቹኦኪ” የሚለውን ግን የሚነግረን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነው። ያ ሰው ከሌለ የሚቀረን የሚያምር ነጭ ጨርቅ ነው።

ነገሩ እኛንም ይነካናል። የቀሚስ ጥለቱንም ዕውቀቱንም “ጥበብ” ብለን በአንድ ቃል የምንጠራ ሰዎች ነን። የብሔረሰቦችን ጥለት በቦርሳና በሻርፕ ላይ እንወዳለን፣ ለእንግዳም እንሰጣለን። በወይጦ ወንዝ ዳር ያሉት ኦንጎታዎች ግን የራሳቸውን ቋንቋ ትተው ወደ ጸማይኛ ከዞሩ ቆይተዋል። የአባቶቻቸውን ቋንቋ የሚያውቁት ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ መቅረታቸውን አጥኚዎች ከጻፉም ዓመታት አልፈዋል። ቀጥሎ ሻርፑን ስንገዛ፣ ሸማኔው ለልጁ በምን ቋንቋ እንደሚያወራ ብንጠይቀውስ?