ስንት አብርሃም ነበሩ? ስለ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ በምንተርከው ታሪክ ላይ የቀረበ ሂስ

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ላይ ሁለት ያዕቆቦች አሉ። በቁጥር 2 ሄሮድስ አንዱን በሰይፍ ያስገድለዋል። በቁጥር 17 ደግሞ ከወኅኒ የወጣው ጴጥሮስ የሆነውን ሁሉ ለያዕቆብ እንዲነግሩለት ያዛል። ሉቃስ ሟቹን የዮሐንስ ወንድም ብሎ ለይቶታል፤ ለሁለተኛው ግን ምንም መለያ አልጨመረለትም። ሆኖም ከእናንተ መካከል ሟቹ ያዕቆብ በቁጥር 17 ከሞት ተነሥቷል ብሎ የሚሰብክ የለም። ለቅዱሱ መጽሐፍ የምናደርገውን ይህን ጥንቃቄ ለቤተ ክርስቲያን ታሪክ መንፈጋችን ነው ይህን ሂስ ያስጻፈኝ።

በምዕራብ ጎጃም ከቆጋ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የምታገለግሉ መጋቢያን “መጤ ሃይማኖት” የሚለውን ቃል በሚገባ ታውቁታላችሁ። መልሳችንም የታወቀ ነው፤ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ የመለሰው ጎጃሜ ነው እንላለን። ይህ መልስ ትክክል ነው። ችግሩ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። አብርሃም የሚባል ወጣት በጎንደር የጄምስ ብሩስ አስተርጓሚ ሆነ፤ ከዚያ ሕንድ ተሻግሮ ሰር ዊልያም ጆንስን አስተማረ፤ በእርጅናው ካይሮ ላይ መጽሐፍ ቅዱስን ተረጎመ እንላለን። በመድረክ ላይ ያምራል፤ በተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍም እንደ ተረጋገጠ ነገር ይገባል። መዛግብቱን ለየብቻ ስናነብ ግን አንድነታቸው እንደምናስበው የጠነከረ አይደለም።

ጠንካራው የካይሮው ነው። በዚያ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስላ አሰለን ደ ሼርቪል አንድ አረጋዊ ኢትዮጵያዊን አግኝቶ ለ10 ዓመት ያህል አሠራው። በሳምንት ሁለት ቀን በሩን ለእንግዳ ዘግቶ ከዐረብኛው ቅጂ ቁጥር በቁጥር አብሮት ያነብ ነበር። የሥራው ውጤት በተርጓሚው በራሱ እጅ የተጻፈ 9,539 ገጽ ነው። የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1820 በ1,250 ፓውንድ ገዛው፤ ወንጌላቱ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተሙ። ሰውየው ኅትመቱን ሳያይ በካይሮ በወረርሽኝ ሞቷል። የአውሮፓ ሰነዶች አቡ ሩሚ ይሉታል፤ የእኛ ጸሐፊዎች አባ አብርሃም።

የካልካታው ሰነድ ሌላ ነው። ጆንስ በዚያ ከተማ ዳኛ ነበር። “ኤሺያቲክ ሪሰርችስ” በተባለው መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ (1788) አብራም ከተባለ ሐበሻ ጋር ስለ ጎንደር ከተማና ስለ ዐባይ ምንጮች ያደረገውን ንግግር አሳተመ። በዚያ ጽሑፍ አብራም የተጠየቀና መልሱ የተመዘገበ እንግዳ ነው። “የጆንስ መምህር” የሚለው ማዕረግ የመጣው ከጆንስ ሳይሆን ከአሰለን ነው። የብሩስ አስተርጓሚ ነበር የሚለውም ከዚያው ከአሰለን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። አሰለን የብራና ሻጭ ነበር። ተርጓሚው ሁለት ስመ ጥር እንግሊዞችን ያገለገለ ነው ማለት ዋጋ ያስጨምራል። ዋሸ አልልም፤ ምናልባት አረጋዊው ራሱ የነገረውን ይሆናል የጻፈው፣ የሰው የራሱ ምስክርነት ደግሞ ቀላል አይደለም። ዘመኑም አይቃወምም፤ እ.ኤ.አ. በ1750 አካባቢ የተወለደ ሰው ብሩስ በኅዳር 1770 ግሽ ሲደርስ የ20 ዓመት ወጣት ነው። ነገር ግን “ይቻላል” እና “ሆኗል” ሁለት የተለያዩ ግሦች ናቸው። ብሩስን እንደ ዳኛ መጥራትም አያዋጣም። ስለ ባልደረቦቹ የማይታመን ጸሐፊ ነው፤ አብሮት ግሽ የደረሰውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ባሉጋኒን ከጉዞው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጽፎታል።

እንግዲህ አብራምንና አቡ ሩሚን አንድ የሚያደርጋቸው ከአሰለን ቃል ሌላ ምንድን ነው? ጆሮ ነው። “አብራም”፣ “አቡ ሩሚ”፣ “አብርሃም” ሲባሉ ይቀራረባሉ። አብርሃም ግን በክርስቲያን ሐበሻ ዘንድ እንግዳ ስም አይደለም፤ የአባት ስም ሳይጨመር በባዕድ ጆሮ ተሰምቶ በባዕድ ፊደል ሲጻፍ መለያነቱ እጅግ ይሳሳል። ሦስተኛ አብርሃም ልጨምርላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ተሹመው በጣሊያን ዘመን የጠላትን ሹመት የተቀበሉት የጎጃሙ ጳጳስ አቡነ አብርሃም። “የጎጃሙ አባ አብርሃም” የሚል ዓመተ ምሕረት የሌለው ማስታወሻ ለማያውቅ ተማሪ ቢደርሰው የማንን ሥራ ለማን ይሰጣል?

ይህ የፊደል ለቀማ ለሚመስላችሁ የአገራችሁን 1933 ዓ.ም. ላስታውሳችሁ። የጌዴዎን ጦር ቡሬን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲገሰግስ በጎጃም ሁለት ኃይሉዎች ነበሩ። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ማርቆስ ላይ ከጣሊያን ጋር ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ኃይሉ በለው ደግሞ አርበኛ ናቸው፤ እርሳቸውም በኋላ ራስ ተብለዋል። አንድ ቤት፣ አንድ ስም፣ ሁለት ጎራ። የቤተ ክርስቲያናችሁን ታሪክ ለመጻፍ ሽማግሌ ስትጠይቁ “በራስ ኃይሉ ጊዜ” የሚል ቃል ብትሰሙ “የማን ልጅ?” ሳትሉ አትለፉ። አንዱን በሌላው ስም ማመስገንም መክሰስም በሐሰት መመስከር ነው፤ ትእዛዙ ደግሞ ለሙታን ሲሆን አይላላም።

ስለዚህ በመድረክ ላይ ምን እንበል? የካይሮውን እንበል፤ ይበቃል። ስንናገርም ሰውየው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጅ እንደ ነበር ሳንደብቅ፤ የዛሬ ክርክራችንን ለመርታት እርሱን የእኛ ማድረግ ሌላ ዓይነት የስም መቀላቀል ነው። ካልካታና ጎንደርን ግን “አሰለን እንደሚለው” ከሚል ሐረግ ጋር ብቻ እናንሣቸው።

የመመረቂያ ርእስ ለምትፈልጉ ደግሞ ሥራው እጃችሁ ላይ ነው። የአብራም ንግግር ስለ ዐባይ ምንጮች ነው፤ ምንጮቹ ያሉትም ሰከላ ነው። ጆንስ ጽሑፉን ያሳተመው የብሩስ መጽሐፍ በ1790 ከመውጣቱ በፊት ስለሆነ ሰውየው ከመጽሐፉ ቀድቶ ተናገረ ማለት አይቻልም። ያገሩን ወንዝና ቀበሌ በስም የሚያውቅ የምዕራብ ጎጃም ተማሪ የተመዘገበውን ቃል በቃል ቢያነብ፣ ተናጋሪው ቦታውን በዓይኑ ያየ ጎጃሜ ነው ወይስ የጎንደርን ወሬ የሚያቀብል መንገደኛ የሚለውን ከለንደን ተመራማሪ በተሻለ ሊለይ ይችላል።