የፊልም ቅጂዎችና የሐያሲው ፍርድ

ሐያሲ ስለ አንድ ልብ ወለድ ሲጽፍ፣ እርሱ ያነበበውና አንባቢው የሚያነበው አንድ መጽሐፍ ለመሆኑ ብዙም አይጠራጠርም። ስለ ፊልም ሲጽፍ ግን ይህን ያህል እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። በአንድ ስም የሚጠራ ፊልም ሁለትም ሦስትም ቅጂ ሊኖረው ይችላል፤ ታሪኩ በአንደኛው ቅጂ በዕርቅ ሲፈጸም በሌላው በብቸኝነት ይፈጸማል፤ አንደኛው በዝምታ ያለፈውን ሌላው በትረካ ያብራራዋል። የልዩነቱም ምክንያት ብዙውን ጊዜ ፊልሙን የሠራው ዲሬክተርና ገንዘቡን ያወጣው ስቱዲዮ አለመስማማታቸው ነው።

በዚህ ነገር ላይ የተለመደው አስተያየት አጭር ነው። ዲሬክተሩ የሠራው እውነተኛው፣ ስቱዲዮው የነካው የተበላሸው ነው ይባላል። አባባሉ ከፊሉ እውነት ቢሆንም ለፍርድ አይበቃም፤ የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማሳየት ነው። ሐያሲው ሊጠይቅ የሚገባው «መቀሱን የያዘው ማን ነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ «መቀሱ ካለፈበት በኋላ ሥራው ምን የሚል ሆነ?» ብሎም ነው። ለዚህ ማስረጃ ሦስት የአሜሪካ ፊልሞችን እንመለከታለን፤ ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ የስቱዲዮው ሥልጣን ከምን እንደሚመነጭ ማወቅ ያስፈልጋል። ደራሲ ብዕርና ወረቀት ካገኘ ይጽፋል፤ ፊልም ግን የብዙ ሰዎችን ጉልበትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ በሆሊውድ ልማድ የመጨረሻውን ቅጂ የሚወስነው፣ በውል ለዲሬክተሩ ካልተሰጠ በቀር፣ ገንዘቡን ያወጣው ኩባንያ ነው። ኩባንያውም ፊልሙን ለሕዝብ ከማቅረቡ በፊት በአንድ አዳራሽ ለሙከራ ያሳያል፤ ተመልካቾቹም አስተያየታቸውን በካርድ ላይ ይጽፋሉ። ብዙ ፊልሞች የተቈረጡት በነዚህ ካርዶች ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌያችን የኦርሰን ዌልስ «ዘ ማግኒፊሰንት አምበርሰንስ» ነው። ዌልስ በ1941 የወጣውን «ሲትዝን ኬን» የተባለውን ፊልም ለአር ኬ ኦ ኩባንያ ሲሠራ፣ የመጨረሻውን ቅጂ የመወሰን ሥልጣን በውሉ ነበረው። በሁለተኛው ፊልሙ ላይ ግን ይህ ሥልጣን አልነበረውም። ፊልሙ የተወሰደው ቡዝ ታርኪንግተን በ1918 ካሳተመው ልብ ወለድ ሲሆን፣ አውቶሞቢል መጥቶ ከተማቸውን ሲለውጣት አብረው መለወጥ ያቃታቸውን የአንድ ባለጸጋ ቤተ ሰብ ውድቀት ይተርካል።

በ1942 በየካቲት ወር ዌልስ በጦርነቱ ምክንያት መንግሥት የደገፈውን ሌላ ፊልም ለማንሣት ወደ ብራዚል ሄደ፤ ሥራውም በኤዲተሩ በሮበርት ዋይዝ እጅ ቀረ። መጋቢት 17 ቀን በፖሞና ከተማ የሙከራ ትርዒት ተደረገ። ተመልካቹ ከዚያ በፊት የታየለት ቀልድና ዘፈን የበዛበት ፊልም ነበርና ይህን ኀዘን የተመላ ሥራ አልተቀበለውም፤ በማይሣቅበት ቦታ የሣቁም ነበሩ። ከሁለት ቀን በኋላ በፓሳዴና የታየው ቅጂ የተሻለ አቀባበል ቢያገኝም፣ በአለቆቹ ልብ የቀረው የፖሞናው ነበር። በመጨረሻም ከ130 ደቂቃ በላይ የነበረው ፊልም 88 ደቂቃ ሆኖ ወጣ። አዲስ መጨረሻ በሌላ ሰው ተነሣለት፤ ተቈርጦ የወጣውም ኔጋቲቭ ኋላ እንዲጠፋ ተደረገ። የሙዚቃው ደራሲ በርናርድ ኸርማን ድርሰቱ ከግማሽ በላይ ስለ ተጣለበት ስሙን ከፊልሙ አስወጣ።

እስከዚህ ያለው የተለመደውን አስተያየት የሚደግፍ ይመስላል። ነገር ግን ሌላም ወገን አለው። ከፖሞናው ትርዒት በፊት ከመካከሉ አንድ ትልቅ ክፍል እንዲቈረጥ ከብራዚል ያዘዘው ዌልስ ራሱ ነበር። ደግሞም ስቱዲዮው የጨመረው መጨረሻ በሆስፒታል የሚሆን ዕርቅ ነው፤ የታርኪንግተንም መጽሐፍ የሚፈጸመው እንዲሁ በሆስፒታል በዕርቅ ነው። እንግዲህ በዲሬክተር ሥልጣን ወይም ለመጽሐፉ በመታመን ብቻ የምንፈርድ ከሆነ፣ ሁለቱም ወገን የሚከራከርበት ነጥብ አያጣም።

ፍርዱ የሚገኘው ከፊልሙ ውስጥ ነው። አግነስ ሙርሄድ የምትጫወታት ፋኒ ከመጀመሪያው ጀምሮ የምትወደው ሰው የማያያት ሴት ናት። ምሬቷ በየትዕይንቱ ጥቂት በጥቂት ይገነባል፤ ወንድሟ ሞቶ በኵሽና ከወንድሟ ልጅ ጋር ስትነጋገር በለቅሶ ይገነፍላል፤ ገንዘቧ ጠፍቶ ባዶው ቤት ውስጥ ከቀዘቀዘው የውሃ ማሞቂያ ሥር ስትቀመጥ እስከ ጫፍ ይደርሳል። ዌልስ ባዘጋጀው መጨረሻ ዩጂን የተባለው ያ የምትወደው ሰው በአንድ የኪራይ ማደሪያ ቤት መጥቶ ይጠይቃታል፤ እርሱ ስለ ሌሎች ይናገራል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን አይጠብም። በወጣው ቅጂ ግን ይህችው ፋኒ በሆስፒታል መተላለፊያ ከዩጂን ጋር እየተራመደች በደስታ ፈገግ ትላለች። ይህን ፈገግታ ያዘጋጀ አንድም ትዕይንት ከዚያ በፊት የለም። መጨረሻው የሚነቀፈው ዌልስ ስላላነሣው ሳይሆን፣ ፊልሙ ራሱ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የመሰከረውን ስለሚክድ ነው።

ይህን ታሪክ የማያውቅ ሐያሲ ግን በስሕተት ሊፈርድ ይችላል። ፊልሙ ሲጀምር ረጋ ያለና የተሟላ ሲሆን ወደ መጨረሻው ይቻኰላል። ይህን አይቶ «ዌልስ መጀመር እንጂ መጨረስ አይችልም» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ በሌሎች እጅ የሆነውን በዌልስ ላይ ያኖራል።

ሁለተኛው ምሳሌ የዚሁ ዲሬክተር «ተች ኦቭ ኢቭል» ነው። ዌልስ የዩኒቨርሳል ኩባንያ የቈረጠውን ቅጂ ከተመለከተ በኋላ በ1957 ታኅሣሥ 5 ቀን 58 ገጽ ማስታወሻ ጻፈ። ማስታወሻው ስድብ ሳይሆን፣ ይህ ድምፅ እንዲህ ቢሰማ፣ ይህ ትዕይንት ከዚያ ቀድሞ ቢመጣ የሚል የባለሙያ ልመና ነው። ኩባንያው ከዚህ ጥቂቱን ብቻ ተቀብሎ ፊልሙን በ1958 አወጣው። ሃሪ ኬለር የተባለ ሌላ ዲሬክተር ያነሣቸው ትዕይንቶችም ተጨምረውበት ነበር።

በ1970ዎቹ 108 ደቂቃ የሆነ ረዘም ያለ ቅጂ ሲገኝ የዌልስ ቅጂ ተገኘ ተብሎ ነበር። እርሱም ቢሆን የኬለርን ትዕይንቶች የያዘ የኩባንያው ቅጂ ነበር። ከዚህ የምንማረው የረዘመው ሁሉ እውነተኛው አለመሆኑን ነው። በ1998፣ ማለት ዌልስ ከሞተ ከ13 ዓመት በኋላ፣ ዋልተር መርች ማስታወሻውን ተከትሎ ፊልሙን እንደ ገና አቀናበረው።

የለውጡ ጥቅም ከመክፈቻው ይታያል። አንድ ሰው በአውቶሞቢል ዕቃ መጫኛ ውስጥ ቦምብ ያስቀምጣል፤ ካሜራውም ሳይቋረጥ በጣራዎች ላይ ተነሥቶ መኪናውን እስከ ጠረፉ ኬላ ድረስ ይከተላል። በ1958ቱ ቅጂ በዚህ ትዕይንት ላይ የሠራተኞቹ ስም ተጽፎበታል፤ የሄንሪ ማንቺኒም ሙዚቃ ከላይ ይሰማል። በ1998ቱ ቅጂ ጽሑፉ ተነሥቷል፤ የሚሰማውም ከየመጠጥ ቤቱ ደጃፍና ከመኪናው ራዲዮ የሚወጣው ድምፅ ነው። የተመልካቹ ዐይን ፊደል ከማንበብ ያርፋል፤ መኪናው ከዐይኑ ሲሰወር እንኳ በራዲዮው ድምፅ መቅረቡንና መራቁን በጆሮው ይከተላል፤ ፍርሃቱም ይበረታል። ቢሆንም ይህን ቅጂ «የዌልስ» ማለት አይገባም። በዌልስ ማስታወሻ መሠረት ሌሎች ያዘጋጁት ቅጂ ማለት ትክክለኛው አጠራር ነው።

ሦስተኛው የሪድሊ ስኮት «ብሌድ ረነር» ነው። በ1982 የሙከራው ተመልካች ነገሩ አልገባንም ስላለ፣ የጀግናው ትረካ ተጨመረበት፤ ሁለቱ ፍቅረኞች በአረንጓዴ ተራሮች መካከል ሲሸሹ የሚያሳይ መጨረሻም ተቀጠለለት። የተራሮቹም ሥዕል ስታንሊ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ» ለተባለው ፊልሙ አንሥቶት የተረፈ ነበር። በ1992 ትረካውና ይህ መጨረሻ ወጥተው «የዲሬክተሩ ቅጂ» የሚል ስም ተሰጠው፤ ይሁን እንጂ ስኮት ራሱ ሙሉ በሙሉ የተቈጣጠረው ቅጂ የወጣው በ2007 ነው። እንግዲህ «የዲሬክተሩ ቅጂ» የሚለው ቃል የገበያ ምልክትም ሊሆን እንደሚችል አንርሳ።

ትረካው መውጣቱ መልካም ነው። ሰው ሠራሹ ባቲ በጣራው ላይ በዝናብ ውስጥ ሲሞት፣ ጠላቱን ስለ ምን እንዳዳነው ፊቱ ይናገራል፤ በ1982ቱ ቅጂ ግን ትረካው ወዲያው ተከትሎ ተመልካቹ የተረዳውን ያስረዳዋል። በአንጻሩ በ1992 የተጨመረው የባለ አንድ ቀንዱ ፈረስ ሕልም፣ አዳኙ ዴከርድ ራሱ ሰው ሠራሽ እንደ ሆነ ያመለክታል። በኔ አስተያየት ይህ ጭማሪ ሥራውን ይጐዳዋል። ሰው ከሠራው ፍጡር ምሕረትን ሲማር ማየት ትልቅ ነገር ነበር፤ አሁን ግን ያ ትምህርት ወደ እንቈቅልሽ ይለወጣል። መልካሙን ቅነሳና ክፉውን ጭማሪ የፈለገው አንዱ ዲሬክተር ነው።

የግዕዝ የብራና መጻሕፍትን የሚያጠና ሰው ይህ ሁሉ አያስገርመውም። የትኛውን ብራና እንዳነበበ ሳይናገር የሚከራከር ተማሪ የለም፤ ረጅሙ ንባብ ሁልጊዜ የቀደመው እንዳልሆነና ገልባጭ እንደሚቀንስ ሁሉ እንደሚጨምር ያውቃል። በፊልም ሂስም ይህ ጥንቃቄ ሊለመድ ይገባል። ሐያሲው ያየው የትኛውን ቅጂ እንደ ሆነ፣ ዓመቱንና ርዝመቱን ይግለጥ፤ ዲሬክተሩን ባልሠራው አይንቀፈው፤ በሠራውም ጥፋት ስቱዲዮውን አያመካኝ። የውሉን ታሪክ ከመረመረ በኋላም ወደ ሥራው ተመልሶ እያንዳንዱ ቅነሳና ጭማሪ በፊልሙ ትርጉም ላይ ያደረገውን ይመዝን። ይህን ካላደረገ፣ የሰጠው ፍርድ በየትኛው ፊልም ላይና በማን ላይ እንደ ሆነ ራሱም አያውቅም።