የበረራ ሲሙሌተሩ ሰንጠረዥ የማይነግራችሁ ነገር

"ይሄ ኮምፒውተር ፍላይት ሲሙሌተር ይችላል ወይ?" አውሮፕላን የሚወድ ወጣት ሁሉ አንድ ቀን ይህን ጥያቄ ይጠይቃል። መልሱን ፍለጋ ደግሞ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያየው አምራቹ ያወጣውን ሰንጠረዥ ነው። የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2024 ሰንጠረዥ ሦስት ዓምዶች አሉት፦ ዝቅተኛ፣ የሚመከር እና ምርጥ። ራሙ 16፣ 32 እና 64 ጊጋባይት፤ የግራፊክስ ካርዱ ሜሞሪ 4፣ 8 እና 12 ጊጋባይት፤ ኢንተርኔቱ በሰከንድ 10፣ 50 እና 100 ሜጋቢት።

ሲያዩት ግልጽ ነው፣ ለሸማችም ይመቻል። እንደ ምህንድስና ሰነድ ከታየ ግን ደካማ ነው እላለሁ። ነገሩ ዝም ብሎ የጌም ወሬ አይደለም። ለአንድ ካርድ ወራት ሙሉ ያጠራቀመ ልጅ የማያስፈልገውን ዕቃ ከገዛ ገንዘቡ እንደወጣ ይቀራል፣ ሲሙሌተሩም እንደተንገጫገጨ ይቀጥላል። ስለዚህ ሰንጠረዡን አብረን እንፈትሸው።

"ለስላሳ" ማለት ስንት ነው?

የመጀመሪያው ጉድለት፣ ሰንጠረዡ ዕቃውን ይጠራል እንጂ ውጤቱን አይናገርም። "የሚመከረው" ኮምፒውተር በየትኛው ስክሪን ላይ፣ በሰከንድ ስንት ፍሬም ያሳያል? የሚል መስመር የለውም። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት። ፎርኬ የሚባለው ደግሞ 8.3 ሚሊዮን ያህል፣ ማለትም አራት እጥፍ። ስክሪኑን ሳይጠቅሱ ካርድ መምከር፣ ስንት ቶን እንደሚችል ሳይጽፉ "ድልድዩ ይሸከማል" ብሎ እንደ መፈረም ነው።

በዩቲዩብ የምናያቸው ብዙ የዕቃ ግምገማዎች ይህን ክፍተት ለመሙላት የፍሬም አማካይ ይሰጡናል። እሱም ቢሆን ሙሉ እውነቱን አይናገርም። አንድ ሰከንድ 1000 ሚሊሰከንድ ነው። በዚያ ሰከንድ ውስጥ 60 ፍሬሞች ተሠሩ እንበል። 55ቱ እያንዳንዳቸው 12 ሚሊሰከንድ ወሰዱ፣ ድምሩ 660። የቀሩት 5 ግን እያንዳንዳቸው 68 ሚሊሰከንድ ወሰዱ፣ ድምሩ 340። አማካዩ "60 ፍሬም በሰከንድ" ነው፣ ያስጨበጭባል። ዓይናችሁ ግን አምስት ጊዜ "ስታክ" ሲያደርግ አይቷል። በአንጻሩ ሁሉም ፍሬም እኩል 33 ሚሊሰከንድ ቢወስድ አማካዩ 30 ብቻ ይሆናል፤ በረራው ግን የበለጠ ለስላሳ ሆኖ ይሰማችኋል።

ይህ በሲሙሌተር ላይ ከሌላ ጌም ይልቅ ይጎዳል። ከፍታ ላይ ሳላችሁ ትንሽ ቢቆራረጥ ብዙ አይታወቃችሁም። የሚብሰው ለማረፍ ስትቃረቡ ነው፤ ሕንፃው፣ ተሽከርካሪው፣ የቆሙት አውሮፕላኖች ሁሉ አንድ ላይ የሚመጡት ያኔ ነውና። አፍንጫውን ቀስ አድርጋችሁ ቀና ማድረግ ባለባችሁ ቅጽበት ምስሉ ከተደናቀፈ እጃችሁም አብሮ ይሳሳታል።

ምጣድ ብቻ ቢበዛ

ሁለተኛው ጉድለት፣ ሰንጠረዡ ዕቃዎቹን ጎን ለጎን ይደረድራል እንጂ እንዴት እንደሚጠባበቁ አያሳይም። እያንዳንዱን ፍሬም መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ ያዘጋጃል፦ አውሮፕላኑ የት ነው፣ አየሩ እንዴት ነው፣ የትኛው ሕንፃ ይታያል የሚለውን ያሰላል። ከዚያ ግራፊክስ ካርዱ ይስላል። የሊጥ አቅራቢው ከዘገየ ሦስት ምጣድ ብትደረድሩ ትርፉ ባዶ ምጣድ ማሞቅ ነው። በሲሙሌተር ዓለም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘገየው ሊጥ አቅራቢው ነው። በ2020ው ፍላይት ሲሙሌተር የገንቢዎች መቆጣጠሪያ ከተከፈተ ይህን ራሱ ይናገራል፤ ብዙ ተጫዋቾች የሚያዩት "ሊሚትድ ባይ ሜይንትሬድ" የሚለው ጽሑፍ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ዋናው የሥራ መስመር ካርዱን እያስጠበቀው ነው ማለት ነው።

"እንግዲያው ብዙ ኮር ያለው ፕሮሰሰር ልግዛ" ትሉ ይሆናል። ጂን አምዳል የተባለ የኮምፒውተር መሐንዲስ በ1967 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ይጠቅመናል። አንድ ፍሬም 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል። ከዚህ ውስጥ 10ሩ የግድ በተርታ፣ አንዱ ካለቀ በኋላ ሌላው እየተሠራ የሚሄድ ነው። የቀረው 10 ለኮሮች ሊከፋፈል ይችላል። በ2 ኮር 15 ሚሊሰከንድ ይሆናል። በ16 ኮር 10.6 ገደማ። ሺህ ኮር ብትጨምሩ ከ10 በታች አይወርድም። ወሳኙ እንግዲህ አንዱ ኮር ለብቻው ምን ያህል ይፈጥናል የሚለው ነው።

ፍጥነት ማለት ደግሞ ጊጋኸርዝ ብቻ አይደለም። በ2022 ኤኤምዲ ያወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ከታላቅ ወንድሙ ከ5800ኤክስ ጋር አነጻጽሩ። ሁለቱም 8 ኮር አላቸው። አዲሱ በከፍተኛ ፍጥነቱ እንዲያውም ያንሳል፣ 4.5 ጊጋኸርዝ ከ4.7 ጋር። ግን ኮሮቹ አጠገብ ያለው ካሽ የሚባለው ፈጣን ሜሞሪ 96 ሜጋባይት ሲሆን የቀድሞው 32 ብቻ ነው። በበረራ ሲሙሌተር 5800ኤክስ3ዲ በግልጽ ይበልጣል፤ ፕሮሰሰሩ መረጃ ፍለጋ እስከ ራም ድረስ የሚመላለስበት ጊዜ ስለሚቀንስ። ይህን "ዝቅተኛ፣ የሚመከር፣ ምርጥ" ከሚል ዓምድ ማንም ሊረዳ አይችልም።

ጥፋቱ ሁሌም የኮምፒውተራችሁ አይደለም

ፍትሐዊ እንሁን። ሲሙሌተሩን የሚሠራው የፈረንሳዩ አሶቦ ስቱዲዮ ድንቅ ሥራ ሠርቷል፤ መላዋን ምድር ከሳተላይትና ከአውሮፕላን ምስል ገንብቶ ማቅረብ ቀላል ነገር አይደለም። ግን በሐምሌ ወር 2021 እ.ኤ.አ. ሲሙሌተሩ ለኤክስቦክስ ሲወጣ አብሮ የመጣው ማሻሻያ አንድ ነገር አሳየን። ምንም ዕቃ ያልቀየሩ ሰዎች ኮምፒውተራቸው በአንድ ሌሊት ፈጠነ፣ የሚፈጀው ራምም ቀነሰ። ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ ኤክስፕሌን 11.50 ቩልካን ወደተባለው አዲስ የመሳያ ዘዴ ሲሸጋገር ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ስለዚህ ሰንጠረዡ የሚለካው የእናንተን ዕቃ ብቻ ሳይሆን የፕሮግራሙን ጥራትም ነው። ሲሙሌተሩ በወጣ ሳምንት ገንዘባችሁን ይዛችሁ አትሩጡ፤ ማሻሻያ ይመጣል፣ ነጻም ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስከፋኝ የኢንተርኔቱ መስመር ነው። የ2020ው እትም 150 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቅ ነበር፤ የ2024ቱ 50 ብቻ ይላል። ጥሩ ዜና ይመስላል አይደል? የቀነሰው ግን ዲስካችሁ ላይ ይቀመጥ የነበረው ብዙው ነገር አሁን እየበረራችሁ ከሰርቨር ስለሚወርድ ነው። በሰከንድ 10 ሜጋቢት ለአንድ ሰዓት ሙሉ ከተጠቀማችሁ 4.5 ጊጋባይት ነው። በ50 ሜጋቢት 22.5 ይደርሳል። እርግጥ መስመሩ ሁልጊዜ እስከ ጥግ አይሞላም። ግን ጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ይህ እያንዳንዱ በረራ ላይ የሚከፈል ነዳጅ ነው። ኢንተርኔት እንደ ራም ከሱቅ ገዝተው የሚሰኩት ዕቃ አይደለም፤ ሰንጠረዡ ግን በአንድ ረድፍ አሰልፎታል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ሲሙሌተሩን ክፈቱና ሰው የሚበዛበት ከተማ ላይ ብረሩ። ከዚያ የምስሉን ጥራት፣ ማለትም ሬዞሉሽኑን፣ በጣም ዝቅ አድርጉት። ፍሬሙ ከጨመረ ያነቃችሁ ግራፊክስ ካርዱ ነበር፤ ደመናውንና ሬዞሉሽኑን መቀነስ ይረዳችኋል። ፍሬሙ ካልተነቃነቀ ግን ችግሩ ፕሮሰሰሩ ጋር ነው፤ አዲስ ካርድ መግዛት ዋጋ የለውም። ያኔ የመሬቱን ዝርዝር እና የሌሎች አውሮፕላኖችን ብዛት ቀንሱ። ቀጥሎ ፍሬሙን 30 ላይ ቆልፉት። አብዛኛው ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚታደስ እያንዳንዱ ፍሬም በትክክል ሁለት ዕድሳት ያገኛል፣ መንገጫገጩም ይቀንሳል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ለኩ። የላፕቶፕ ካርድ የዴስክቶፑን ስም ቢይዝም የኃይል ገደቡ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ መሆኑንም አትርሱ።

አሮጌ ላፕቶፕ ብቻ ያላችሁስ? ፍላይትጊር ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። መልኩ ከማይክሮሶፍቱ ጋር አይወዳደርም፣ ሜኑውም ትዕግሥት ይፈልጋል። ግን የበረራውን ፊዚክስ የሚያሰላው ጄኤስቢሲም የተባለው ክፍሉ በሰከንድ 120 ጊዜ ያሰላል፣ ይህንንም አሮጌ ማሽን ላይ ያደርገዋል። ውዱ ሥዕሉ ነው እንጂ ፊዚክሱ አይደለም።

ሞክሩት። ሴስና 172ን መጀመሪያ ከባሕር ጠለል አጠገብ ካለው ከጅቡቲ አስነሡ። ቀጥሎ ከ2300 ሜትር በላይ ከሆነው ከቦሌ አስነሡ። ቦሌ ላይ አየሩ ወደ 20 በመቶ ስለሚሳሳ ሞተሩ ይደክማል፣ ክንፉም እኩል ጉልበት ለማግኘት የበለጠ መሮጥ አለበት። የነዳጁን ድብልቅ ካላሳሳችሁት ደግሞ ይብስበታል። ይህን ትምህርት ለማግኘት 64 ጊጋባይት ራም አያስፈልግም።

ከአምራቾቹ የምንጠብቀው ከባድ ነገር አይደለም። "በዚህ ዕቃ፣ በዚህ ስክሪን፣ በዚህ ኤርፖርት ላይ ስታርፉ፣ ከ100 ፍሬሞች 99ኙ ከ33 ሚሊሰከንድ አያልፉም" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ይህ እስኪጻፍ ድረስ መለኪያው በእጃችሁ ነው፤ ሻጩ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ተጠቀሙበት።